በተማሪዎች ለሚመራ የአካባቢና የመሬት ሕግ መጽሔት ጽሑፍ ልላክ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄው፦ «በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነኝ። የገጠር መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ስለሚከፈለው ካሳና ፕሮጀክቶቹ ስለሚያልፉበት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በእንግሊዝኛ 110 ገጽ ያህል ጽፌአለሁ። አሜሪካ ያለ ወዳጄ እንደ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲው የመሬት አጠቃቀምና የአካባቢ ሕግ መጽሔት ላሉት ላክ አለኝ። ሳጣራ ግን የሚያዘጋጁት ተማሪዎች ናቸው። ተማሪ የመምህርን ጽሑፍ እንዴት ይገመግማል? የሚከፈል ገንዘብ አለ? ለአንድ መጽሔት ብቻ ነው የሚላከው? ለደረጃ ዕድገትስ ይያዝልኛል?»

በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መጽሔትን ተማሪዎች መምራታቸው የተለመደው አሠራር ነው፤ የጥራት ማነስ ምልክት አድርገው አይውሰዱት። ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው የሃርቫርድ የሕግ መጽሔት የሚዘጋጀው በተማሪዎች ነው። የአካባቢ ሕግ ራሱን ችሎ ሲወጣ የተነሡት መጽሔቶችም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል፤ በበርክሌይ በ1971፣ በሃርቫርድ በ1976፣ እርስዎ የጠቀሱት የፍሎሪዳ ስቴት መጽሔት ደግሞ በ1983 እ.ኤ.አ. ተጀምረዋል። ተማሪዎቹም እኛ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማሩት ዓይነት አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ ሕግ የሚጠናው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ለ3 ዓመት ስለሆነ፣ ከመካከላቸው በምሕንድስና፣ በሥነ ሕይወት ወይም በከተማ ፕላን ተመርቀው የመጡ አይጠፉም።

ይህ ማለት ግን ተማሪዎቹ የአቻ ገምጋሚ ናቸው ማለት አይደለም። የሚሠሩት ሁለት ሥራ ነው። የሚታተመውን ይመርጣሉ፤ የመረጡትን ደግሞ የግርጌ ማስታወሻ በግርጌ ማስታወሻ፣ ምንጩን እየገለጡ ያጣራሉ። ሁለተኛውን እንደ እነርሱ አጥብቆ የሚሠራ የአቻ ግምገማ መጽሔት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ክርክርዎ በኢትዮጵያ የመሬት ሕግ ውስጥ የሚያስኬድ መሆን አለመሆኑን መፍረድ ግን አይችሉም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

የሥራ ክፍፍላቸውን ካወቁ መቼ መላክ፣ መቼ መታገሥ እንዳለብዎ ይገባዎታል። ተማሪው የመጀመሪያ ዓመቱን ሲጨርስ በጽሑፍና በአርትዖት ውድድር ይመዘናል፤ አንዳንድ ትምህርት ቤት የፈተና ውጤትም ይታያል። ያለፈው በሁለተኛ ዓመቱ ተራ አባል ሆኖ በየዙሩ የተመደቡለትን የግርጌ ማስታወሻዎች ያጣራል፤ በተጓዳኝ በአንድ መምህር አማካሪነት የራሱን አጭር ጥናት ይጽፋል። ከእነዚህ ጥናቶች የተሻሉት ከምሁራኑ ጽሑፎች ጋር በመጽሔቱ ይወጣሉ። ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ ዋና አዘጋጅ፣ የጽሑፍ መራጭ፣ የተማሪ ጥናቶች አርታኢ፣ የኅትመት ሥራ አስኪያጅ ወይም የዓመታዊው ሲምፖዚየም አስተባባሪ ሊሆን ይችላል። ቦርዱ በየዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል፤ ርክክቡ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አዲሱ ቦርድ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ የመጪውን ቅጽ ገጾች የሚሞሉ ጽሑፎች መፈለግ ይጀምራል።

ስለዚህ ዋናው የመላኪያ ወቅት ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ነው። ሁለተኛውና ጠበብ ያለው ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ነው። በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ፣ እንዲሁም ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ፈተና ስለሆነ የሚመልስልዎ አያገኙም። ጥሩ ጽሑፍ በጥቅምት ተልኮ ዝም የሚባለው ብዙ ጊዜ ቦታው ሞልቶ ነው፤ ዝምታውን እንደ ፍርድ አይቁጠሩት፤ በጥር መጨረሻ እንደገና ይላኩት።

መራጮቹ በአንድ ወቅት በመቶ የሚቆጠር ጽሑፍ ስለሚደርሳቸው የመጀመሪያው ንባብ አጭር ነው፤ አጠቃሎቱ (abstract)፣ መግቢያው፣ የርዕሶቹ ዝርዝር፣ ከዚያም የግርጌ ማስታወሻዎቹ ገጽታ። ከእኛ አገር የሚላኩ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት በመግቢያው ነው። እኛ የመሬት ሥሪትን ታሪክ ከዘውዱ ዘመን ጀምረን፣ በ1967ቱ አዋጅ አልፈን፣ ሕገ መንግሥቱ ላይ ደርሰን፣ የራሳችንን ሐሳብ ገጽ 40 ላይ እንገልጻለን። እዚያ ያለ መራጭ ገጽ 40 ድረስ አይመጣም። የሚከራከሩለትን ነገር በመጀመሪያዎቹ 3 ገጾች በግልጽ ይጻፉት፤ ከዚህ በፊት ማን ምን እንዳለና የእርስዎ በምን እንደሚለይ እዚያው ይንገሩት። «እስካሁን አልተባለም» የሚለውን ተማሪዎቹ ራሳቸው በመረጃ ቋት እየፈለጉ ያረጋግጣሉና፣ ሌላ ሰው ያለውን እንደ አዲስ አቅርበው ከተገኙ ጽሑፉ እዚያው ላይ ይቆማል። አጠቃሎቱ ከ300 ቃል አይለፍ።

ርዝመቱስ? 110 ገጽ አይሆንም። የሃርቫርድ የሕግ መጽሔት የግርጌ ማስታወሻን ጨምሮ ከ25,000 ቃል በታች የሆነ ጽሑፍ እንደሚመርጥ አስታውቋል፤ ይህም በታተመ ገጽ 50 ገደማ ነው። በአካባቢና በመሬት ሕግ ላይ ብቻ ለሚሠሩት መጽሔቶች ከ15,000 እስከ 22,000 ቃል ያለውን ያስቡ። መቁረጥ እንዳለብዎ አምነው ይነሡ፤ እንዴት እንደሚቆረጥ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ለአንድ ብቻ ነው ወይ የሚላከው ላሉት፣ አይደለም። በተማሪ የሚመሩት የአሜሪካ መጽሔቶች ጽሑፉ በአንድ ጊዜ ለብዙ መላኩን ይቀበላሉ፤ ደራሲዎችም ለ15 ወይም ለ20 መጽሔት በአንድ ቀን ይልካሉ። ብዙዎቹ የሚቀበሉት ስኮላስቲካ በሚባለው የመላኪያ ሥርዓት ነው፤ በዚያ በኩል ለእያንዳንዱ መጽሔት ጥቂት ዶላር ይከፈላል። በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ከሌለዎት በኢሜይል የሚቀበሉትን ያስቀድሙ፤ እያንዳንዱ መጽሔት የሚቀበልበትን መንገድ በራሱ ገጽ ላይ ይጽፋል። ተቀባይነት ካገኙ በኋላ ግን የማሳተሚያ ክፍያ የለም። «ጽሑፍዎ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ይህን ያህል መቶ ዶላር ይላኩ» የሚል መልእክት ከደረሰዎ ከእነዚህ መጽሔቶች የመጣ አይደለም፤ ገንዘብ ለቃሚ ነው፤ አይመልሱለት።

አንዱ መጽሔት ሲቀበልዎት የመልስ ቀን ይቆርጣል፤ አንዳንዴ ጥቂት ቀን፣ አንዳንዴ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ይበልጥ ለሚፈልጓቸው መጽሔቶች «ይህ መጽሔት ተቀብሎኛል፣ መልስ መስጠት ያለብኝ እስከዚህ ቀን ነው፣ ቶሎ አንብቡልኝ» ብሎ መጻፍ የታወቀ ወግ ነው፤ ማንም አይቀየምም። «እሺ» ካሉ በኋላ ግን አለቀ። በዚያው ቀን ለቀሩት ሁሉ ጽሑፉን ማንሣትዎን ያሳውቁ። ተቀብሎ ከዚያ የተሻለ ሲመጣ መክዳት ስምዎን ያጎድፋል፤ ከእርስዎ ቀጥሎ ከኢትዮጵያ የሚልከውንም ሰው ይጎዳል።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ። ለብዙ መላክ የሚፈቀደው በተማሪ በሚመሩት መካከል ብቻ ነው። እንደ ሚዛን ሎው ሪቪው ያሉ የአቻ ግምገማ መጽሔቶች ጽሑፉ ሌላ ቦታ ሳይላክ ለእነርሱ ብቻ እንዲቀርብ ይፈልጋሉ። ያንኑ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለቱም ወገን መላክ የሥነ ምግባር ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ሥራ፣ ወደ ምንጭ ማጣራቱ። አሜሪካኖቹ ለእያንዳንዱ የፍሬ ነገር ዓረፍተ ነገር የግርጌ ማስታወሻ ይጠብቃሉ፤ በአንድ ጽሑፍ 200 እና 300 ማስታወሻ ብርቅ አይደለም። ጽሑፉ ከተመረጠ በኋላ ማስታወሻዎቹ ለአባላቱ ይከፋፈላሉ። እያንዳንዱ አባል የተጠቀሰውን ገጽ ያወጣል፣ ዓረፍተ ነገርዎ ከምንጩ ጋር መግጠሙን ያያል፣ ከዚያ አጠቃቀሱን ብሉቡክ በሚባለው መመሪያ ያርማል። ይህ መመሪያ የሃርቫርድ፣ የኮሎምቢያ፣ የዬልና የፔንሲልቫኒያ የሕግ መጽሔቶች የሚያዘጋጁት ሲሆን 22ኛው እትሙ በ2025 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ የውጭ አገር ሕግን የሚመለከተው ደንብ 20 ነው። ከላይብረሪያቸው የማይገኘውን ምንጭ ከደራሲው ይጠይቃሉ፤ የእኛ አገር ምንጭ ደግሞ አብዛኛው ከዚያ አይገኝም። ጥያቄው ሲመጣ ሰነድ መፈለግ የጀመረ ደራሲ ሳምንታት ያልፉበትና እትሙ ይሄድበታል።

ስለዚህ ከመላክዎ በፊት አንድ ፋይል ያደራጁ። ለእያንዳንዱ ማስታወሻ ቁጥር የተሰጠው አንድ ፒዲኤፍ፣ በውስጡም የምንጩ የፊት ገጽና የተጠቀሰው ገጽ፣ የተጠቀሰው መስመር ተቀልሞ። ለአማርኛ ምንጭ የዚያን አንቀጽ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይጨምሩና ተርጓሚው እርስዎ መሆንዎን በማስታወሻው ላይ ይግለጹ። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ቋንቋ ስለሚወጣ እንግሊዝኛው ይበቃል ብለው አይለፉት። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ ተቀባይነት ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው፤ ሁለቱ ዓምዶች የሚለያዩበት ቦታ እንዳለም የሕግ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ክርክርዎ እንዲህ ባለ ቃል ላይ ከቆመ ልዩነቱን በማስታወሻ ያስረዱ። አለዚያ ተማሪው እንግሊዝኛውን አይቶ «ምንጩ ይህን አይልም» ብሎ ዓረፍተ ነገርዎን ያስተካክልልዎታል፤ እርማቱም ስሕተት ይሆናል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ያሳስታል። የማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 455/1997 በእንግሊዝኛው 455/2005 ነው፤ ልዩነቱ 8 ዓመት። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግን 299/2002 ነው፤ ልዩነቱ 7 ብቻ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው የታተመው በሐምሌ፣ ሁለተኛው በኅዳር ነው። ይህን የማያውቅ አርታኢ አንዱን የቁጥር ስሕተት መስሎት ያርመዋል። ገና በመጀመሪያው ማስታወሻ የኢትዮጵያ ዓመት ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በ7፣ ከዚያ በኋላ በ8 እንደሚለይ በሁለት መስመር ይጻፉና በጽሑፉ ሁሉ አንዱን አቆጣጠር ብቻ ይከተሉ። የሰበር ውሳኔዎችን ሲጠቅሱ የመዝገቡን ቁጥር፣ ቅጹን፣ ገጹንና ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን አብረው ያስቀምጡ። ከአምስት ባላነሱ ዳኞች በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የተሰጠ የሕግ ትርጉም በፌዴራልም በክልልም ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ መሆኑንም ያስረዱ፤ አሜሪካዊው አንባቢ የራሱን አገር አሠራር በአእምሮው ይዞ ስለሚያነብ ይህን ካልነገሩት አያገኘውም።

የስምን ነገር ደራሲዎች የሚያስታውሱት ከታተመ በኋላ ነው። ብሉቡክ ምንጭን ሲደግም የጸሐፊውን «የመጨረሻ ስም» ብቻ ያስቀራል፤ በእኛ ስም ይህ የአባት ስም ነው። የራስ ስም ይጠፋና ምሁሩ በአባቱ ስም ይጠቀሳል። የኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎች ስም በተደገመ ቁጥር ሙሉውን እንዲጻፍ በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ ይጠይቁ። ምክንያቱን ሲያስረዷቸው አይከለክሉም።

ከገበሬዎች ጋር ያደረጉት ቃለ መጠይቅ ካለ አርታኢዎቹ ማስረጃውን ይጠይቃሉ። ቀኑን፣ ወረዳውንና የተጠያቂውን ሁኔታ ይስጡ እንጂ ስሙን አይስጡ፤ ቀበሌው ትንሽ ከሆነ ቀበሌውንም ይተዉት። በካሳ ክርክር ውስጥ ያለ ሰው በእርስዎ ማስታወሻ ምክንያት ሊጎዳ አይገባም። የቃለ መጠይቁ ጽሑፍ በደራሲው እጅ እንደሚገኝ ተጽፎ ማለፍ የተለመደ ነው።

የተማሪዎቹ ወሰን የሚታየው እዚህ ነው። ስለ ካሳ ሲጽፉ በአዋጅ ቁጥር 455 የገጠር ባለይዞታ በዘላቂነት ሲነሣ የሚከፈለው የማፈናቀያ ካሳ ባለፉት 5 ዓመታት ካገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ሆነ። ይህን በትክክል ከጠቀሱ ተማሪው «ይገጥማል» ብሎ ያልፋል። አዋጁ በ1336/2016 መሻሻሉን፣ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጁ 456/1997ም በ1324/2016 መተካቱን ቢዘነጉ ግን የሚያነቃዎት የለም። የወረዳ ገማች ኮሚቴ ቀመሩን በተግባር እንዴት እንደሚሠራበት ያሉትንም ማንም አይመረምርልዎትም። ስሕተቱ እንደተጻፈ ይታተማል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌሎች ይጠቅሱታል። ለውጭ አንባቢ የአንድ አገር ሕግ ምስል አንዳንዴ በአንድ ጽሑፍ ላይ ብቻ ይቆማልና ይህን ቀላል ነገር አድርገው አይዩት። ሳይልኩት በፊት የመሬት ሕግ የሚያስተምር አንድ ባልደረባ፣ የካሳ ክርክር የሚይዝ አንድ ጠበቃ ወይም ዳኛ ያንብበው፤ አስተያየታቸውን በጽሑፍ ይቀበሉ።

አንባቢውም በራሱ መነጽር ያነብብዎታል። ለአሜሪካዊ የሕግ ተማሪ መሬት በመንግሥት ሲወሰድ ትዝ የሚለው የሕገ መንግሥታቸው አምስተኛው ማሻሻያና በ2005 እ.ኤ.አ. የተወሰነው የኪሎ (Kelo v. City of New London) ጉዳይ ነው፤ የግል ባለቤት አለ፣ የገበያ ዋጋ አለ፣ ክርክሩ «የሕዝብ ጥቅም» ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40(3) የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ባለይዞታ ነው፤ ካሳው የሚሰላው በመሬቱ ላይ ባፈራው ንብረትና ባጣው ገቢ ነው። ይህን በሁለት ገጽ አስቀድመው ካላስረዱ አርታኢው «ባለይዞታ»ን ወደ «ባለቤት» ይለውጥልዎታል፤ በዚያች አንዲት ቃል ጽሑፉ ሌላ ይሆናል። የተመለሰልዎትን የታረመ ቅጂ በሙሉ ያንብቡ፣ በተለይ ስለ ይዞታ፣ ስለ ፈቃድና ስለ ግዴታ የሚናገሩትን ቃላት። አለመስማማት መብትዎ ነው፤ ምክንያቱን በአጭሩ ከጻፉ ይተዉታል።

ከተቀባይነት እስከ ኅትመት ከ8 እስከ 14 ወር ይገምቱ። በመካከሉ ሁለት ወይም ሦስት ዙር እርማት ይመጣል፤ ለእያንዳንዱም አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይሰጣል። በፈተና እርማት ሰሞን እንዳይደርስብዎ ቀኖቹን ቀድመው ይጠይቁ። በመካከል ቦርዱ ከተለወጠ ከቀድሞዎቹ ጋር የተስማሙበትን ሁሉ ለአዲሱ ዋና አዘጋጅ በኢሜይል ያስተላልፉ፤ ያልተጻፈ ስምምነት ከተመራቂዎቹ ጋር ይሄዳል። የደራሲ ውሉን ሲፈርሙ ጽሑፉን ለማስተማሪያ የመጠቀም፣ በዩኒቨርሲቲዎ ማኅደር የማስቀመጥና በአማርኛ ተርጉሞ የማሳተም መብት ለእርስዎ እንዲቀር ያስጽፉ። የመጨረሻውን አይዘንጉት፤ ስለ ገበሬው ካሳ የተጻፈ ነገር የወረዳ ዳኛው በሚያነብበት ቋንቋ መገኘት አለበት።

ስለ ደረጃ ዕድገት፣ ወሳኙ የዩኒቨርሲቲዎ መመሪያ ነው። መመሪያው የአቻ ግምገማን በቃል ከጠየቀ፣ መጽሔቱ የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን በተማሪ መመረጡ ጥያቄ ያስነሣል። ለኮሚቴው የመጽሔቱን ስምና የአመራረጥ አሠራሩን ገልጸው መልሱን በጽሑፍ ያግኙ፤ የቃል «ችግር የለውም» ኮሚቴው ሲቀየር አይጸናም።

ምክሬ ይህ ነው። 110 ገጹን ለሁለት ይክፈሉት። በካሳ ቀመሩና በሰበር ውሳኔዎች ላይ ያለውን ክፍል፣ ኢትዮጵያን በሚያውቁ ሰዎች ሊፈተን የሚገባው እርሱ ነውና፣ ለሚዛን ሎው ሪቪው ወይም ለጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ሎው ይላኩት፤ ለደረጃ ዕድገትዎም የሚያስተማምነው ይኸው ነው። ፕሮጀክቶች ከአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ጋር ያላቸውን ግንኙነት፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር ግምገማው ማንን እንደሚጠብቅ የሚጠይቀውን ክፍል ደግሞ ወደ 18,000 ቃል አውርደው ለአሜሪካኖቹ ያዘጋጁት። ሁለቱ ጽሑፎች አንቀጽ እንዳይጋሩ፤ አንዱ ሌላውን ይጥቀስ፤ ለሁለቱም አዘጋጆች ይህን አስቀድመው ያሳውቁ። የምንጭ ፋይሉን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይጨርሱ፣ ጥርን ለባልደረባዎችዎ ንባብ ይተዉ፣ በጥር የመጨረሻ ሳምንት ይላኩ። ፋይሉ ካልተጠናቀቀ በዚህ ወቅት አይላኩ፤ ነሐሴን ይጠብቁ።